የእትዬ ክፍል እስኪሞቅ

ሰኞ

እትዬ ዛሬ ተሽሏታል። ከሆስፒታል ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው ደብተሩን የከፈትኩት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቃል አገጣጥማ ለመናገር ትንፋሽ ያጥራት የነበረች ሴትዮ፣ ዛሬ ትራስ ተደግፋ ነርሷን ስታማ አገኘኋት። ስትወጋ እጇ ድንጋይ ነው፣ ይቅርታ ስትል ግን ማር ናት አለችኝ። ሳንባዋ እየጸዳ ነው ተብሏል። ልጇ ከሩቅ ከተማ መጥታ አብራት ናት፤ ያቺ ድንቡሽቡሽ ልጅ ከስታ ጉንጯ ገብቷል። ሕፃኗን ለባሏ ትታ ነው የመጣችው። ሕፃኗ ሁለት ጥርስ አብቅላለች፤ ፎቶዋን ሦስት ጊዜ አየነው። ተመስገን ነው።

ይህ ደብተር የልጄ የሒሳብ ደብተር ነበር፤ ግማሹ ባዶ ስለቀረ አሳዘነኝና ያዝኩት። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ጽሑፌ አያምርም። ደግሞስ ማን ሊያየው።

እትዬ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ሃያ ሁለት ዓመት! ፖስተኛው ሳይቀር እትዬ ነው የሚላት። ባለቤቴ ጡረታ ሳይወጣ በፊት የፋብሪካ ቦይለር ሠራተኛ ነበርና የቤታችንን ማሞቂያ በገዛ እጁ ነው የዘረጋው። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ጓዳ ቦይለሩ ውሃውን ያሞቃል፣ ፓምፑ ይገፋዋል፣ ውሃው በቧንቧ በየክፍሉ ዞሮ ግድግዳ ላይ ያሉትን ብረቶች አሙቆ ይመለሳል። የእትዬ ባል የሞተ ሰሞን፣ ይህች ሴትዮ ብቻዋን በብርድ ልትሞት ነው ብሎ ግድግዳውን በስቶ አንድ ቧንቧ ወደ መኝታ ክፍሏ አሻገረላት። ከዚያ ወዲህ አንድ እሳት ሁለት ቤት ያሞቃል። ጠዋት ስትነሳ ቧንቧውን በማንኪያ ሁለቴ ትመታለች፣ ነቅቻለሁ ማለቷ ነው። እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። አሁን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቧንቧው ዝም ብሏል።

ረቡዕ

ብርዱ መጣ። ባለቤቴ ነገ ቦይለሩን ሊያስነሳ ነው። እኔ የራሴን ድርሻ ባለፈው ወር ጨርሻለሁ። ጓዳዋን ጠርጌ፣ ሸረሪት ድሩን አውርጄ፣ የቧንቧዎቹ መዝጊያዎች ላይ የሚያስራቸውን ጨርቆች ሳይቀር ፈትቼ አጥቤያለሁ። ስድስት መዝጊያ ነው፣ ለየክፍሉ አንድ አንድ፣ በአንድ መስመር ግድግዳ ላይ የተደረደሩ። የማን የቱ እንደሆነ እንዲታወቅ ከአሮጌ ልብስ ቀድዶ ያሰረባቸው ጨርቆች ናቸው። ሰማያዊው ከሥራ ልብሱ ነው፣ ነጠብጣቡ ከልጃችን የልጅነት ቀሚስ፣ ቢጫው ደግሞ እትዬ ራሷ ከሻሿ ቀድዳ የሰጠችው። የስንት ዓመት ጥላሸት ወርዶላቸው፣ ተተኩሰው፣ የተማሪ ሪባን መስለው ተመልሰው ታስረዋል። አንድ ቃል አላለኝም። አላያቸው ይሆናል።

ሐሙስ

ተነሳ! ተመስገን። የኛ ክፍሎች ሞቁ። ያገባችው የልጃችን ክፍል ብቻ እንደ ወትሮው ይዘጋል፤ ድንችና ሽንኩርት፣ ትርፍ ፍራሽና ሻንጣ ነው ያለበት፣ ለምን ይሞቃል። የእትዬን ክፍል በቁልፏ ከፍቼ ብረቱን ነካሁት። በረዶ ነው። ባለቤቴ አየር ይዞት ነው ብሎ በትንሿ ቁልፍ አስተነፈሰው። ጥቂት አፏጨ፣ ከዚያ ውሃ መጣ። ቀዝቃዛ ውሃ።

እስከ ነገ ይሞቃል አለ።

ዓርብ

አልሞቀም።

እሑድ

ዛሬ ዘለግ አድርጌ ልጻፍ፣ ሆዴ ሞልቷል።

ሐኪሙ እትዬን ሊለቃት ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት አልፎ በወዲያኛው ዓርብ። ግን ክፍሏ ሌት ተቀን ሞቃት መሆን አለበት፣ ብርድ ከነካት ተመልሳ ትመጣለች አለ። ልጇ በዚያው ቃሏን ሰጠች። እስከዚያ ዓርብ ክፍሉ ካልሞቀ እናቷን ይዛ ነው የምትሄደው፣ እሷ ዘንድ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ልታኖራት። ክፉ ሆና አይደለም፣ እናቷ ናት። በኤሌክትሪክ ምድጃ እናሙቀው ብዬ ነበር። የእትዬ ቤት ሽቦ አሮጌ ነው፣ አምና ስንሰካው ብልጭ ብሎ ቤቱ ጨለመ፤ ደግሞ አየሩን እያደረቀ ያስላታል።

እትዬ ከልጇ ተደብቃ በአንሶላው ሥር እጄን ይዛ ጨመቀችው። ልጅቷ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ጠጋ አለችኝና፣ "ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ብመታ ማን ይመልስልኛል?" አለችኝ።

እኔ ምን ብዬ መለስኩ? ባለቤቴ ይሠራዋል አልኩ። ደረቴን ነፍቼ። ኋላ ኮሪደሩ ላይ ለባሏ በስልክ ስትነግር ሰማሁ፤ ጋሼ የምትለው ባለቤቴን ነው። ጋሼ እናቴ መቼ እንደምትወጣ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ጠየቀኝ፣ እሱን አምኜ እናቴን ልተዋት? ትላለች። የጨነቀው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቃል። እኔስ ስንቴ ጠይቄያለሁ።

ማክሰኞ

ፓምፑ ነው አለ። ፈታው፣ አጠበው፣ መልሶ ገጠመው። ላዩ ላይ የተሳለው ቀስት ወዴት ያመለክት ነበር? አልኩት፣ ዝም ብዬ አፌ ላይ ስለመጣልኝ። በግልባጭ ገጥሞት ኖሯል። ሳቅን። መነጽሩን መቀየር አለበት። ፓምፑ ዞረ፣ የኛ ቤት ሞቀ። የእትዬ በረዶ።

ማንቆርቆሪያውን ያለ ውሃ ጥዶት ቂጡ ቀላ። ሐሳብ ነው።

ሐሙስ

ጉድ ነው የዛሬው። የእትዬ ክፍል ብረት ውስጡ ደለል ሞልቶበታል ተባለና፣ ወርዶ በጓሮ ሊታጠብ ሆነ። ውሃውን አፍስሼ ጨርሻለሁ ብሎኝ ነበር። አልጨረሰም። ማያያዣውን ሲፈታው እንደ ቀለም የጠቆረ ውሃ ፊቱ ላይ ተፋበት፤ ከዚያ አልጋው ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ የእትዬ ጫማዎች ውስጥ ሳይቀር ገባ። እኔ በባልዲ፣ እሱ በአንሶላ፣ አንሶላው ደግሞ የማን መሰላችሁ፣ የእትዬ! ብረቱን ተጋግዘን በጓሮ በኩል አውጥተን በጎማ አጠብነው። ስስቅና ስራገም ጎኔን ወጋኝ። ማያያዣው ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ፣ አስገብቶ ጥብቅ አድርጎ ሰቀለው፤ አንድ ጠብታ አያፈስም። እጁ ሲይዘው አሁንም እጅ ነው። አመስግኜ አልጨርሰውም፣ በዚህ ዕድሜው ተንበርክኮ።

ግን አልሞቀም።

ምንጣፉን ስንጨምቅ በእህቱ ስም ጠራኝ። ነፍሷን ይማረውና እሷም እንደኔ ጯሂ ነበረች። ድምፃችን ይመሳሰላል።

ቅዳሜ

ምንጣፉ ደረቀ። ጫማዎቹን ጋዜጣ ሞልቼ አስጥቻለሁ፣ እትዬ ሳታይ ቅርጻቸው መመለስ አለበት።

ከልጃችን ክፍል ድንች አምጣልኝ ብዬ ላክሁት። ቆየ። ሲመጣ ሳህኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመና፣ "ልጅቷ መጥታለች እንዴ? ክፍሏ ሞቋል" አለኝ። ልጃችን ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የምትደውለውም እሑድ እሑድ ነው። እጅህን ታጠብ አልኩት። ጮህኩበት መሰለኝ። ለምን ጮህኩ? ትኩስ ነገር አፍልቼ ሰጠሁትና ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ድንቹ ደግሞ ሁሉም አብቅሏል፣ ጣት የሚያህል። ነጋዴው አሮጌውን አሸክሞኛል። እነግረዋለሁ።

ሰኞ

የእትዬ ልጅ የቧንቧ ሠራተኛ ይዛ መጣች። ቁመቱ ዘንግ የሚያህል፣ ጨዋ ሰው። ጓዳዋ ውስጥ ለመግባት ሁለት ቦታ መታጠፍ ነበረበት። የትኛው ነው የጎረቤቷ? ሲል ባለቤቴ ቢጫውን አሳየው። ሠራተኛው መዝጊያውን ሞከረ፤ ክፍት ነው። ቧንቧውን ነካ፤ ይፋጃል። ከዚያ ወዲያ ሄዶ የእትዬን ብረት ነካ፤ ቀዝቃዛ። እንግዲህ ግድግዳው ውስጥ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ግድግዳ ተሰብሮ አዲስ መስመር መዘርጋት አለበት፣ እኔ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ተራ የለኝም አለ። የባለቤቴን ሥራ አድንቋል፤ ይህን የዘረጋ ሰው ዐዋቂ ነበር አለ። ባለቤቴ እዚያው አጠገቡ ቆሟል። እንደሌለ ሰው ነው የተወራለት። ሠራተኛው ክፉ አላሰበም።

ልጅቷ በሩ ላይ ትከሻዬን አቀፈችኝና፣ አክስቴ፣ እናንተ የቻላችሁትን አድርጋችኋል፣ ይበቃል አለችኝ። የአውቶቡስ ትኬት ለሁለት ቆርጣለች።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ዛሬ ጓዳዋን አልከፈታትም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከአልጋ ሥር አግብቷቸዋል። ከአሁን በኋላ ለሚያውቅ ሰው ስጪያቸው አለኝ።

ጠጉሩን ቆረጥኩለት።

ረቡዕ

ሆስፒታል ነበርኩ። እትዬ ዕቃዋን እየነገረችኝ ነው፣ ይህን ለእገሊት፣ ያንን ለፖስተኛው። የማንኪያውን ነገር አነሳች። አንቺ ጋ ይሁን አለች። ከዚያ ስለ ሕፃኗ ጥርስ አወራን፤ አራት ሆኗል።

ሐሙስ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

የእትዬ ትልቁ ሻንጣ የተቀመጠው የልጃችን ክፍል ውስጥ ነው። ነገ ስለምትሄድ ላወጣላት ገባሁ። በሩን ስከፍተው ሙቀት ፊቴን መታኝ። የዳቦ ቤት ሙቀት። ሽንኩርቱ አረንጓዴ ጭራ አውጥቶ ቆሟል፣ ድንቹ እየተሳበ ከጆንያው ወጥቷል። ብረቱን ነካሁት፣ አቃጠለኝ። የተዘጋ ክፍል ነው እኮ! ሻንጣውን ይዤ ቆሜ፣ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያቺ የቅዳሜዋ ነገር ናት። ክፍሏ ሞቋል ብሎኝ ነበር። ነግሮኝ ነበር። እጅህን ታጠብ ነው ያልኩት።

ከዚያ ጨርቆቹ መጡብኝ።

ሳጥባቸው ስድስቱንም በአንድ ሳፋ ነው የዘፈዘፍኳቸው። ስመልሳቸው ደግሞ የቱ የት እንደነበረ መቼ አሰብኩ፤ ነጠብጣቡ በሩ ጋ ብርሃን ስላለ ያምራል ብዬ መጨረሻው ላይ አሰርኩት። መጨረሻው የእትዬ ነው። ቢጫዋን ባዶ ባየሁት ላይ፤ እሱ ደግሞ የልጃችን ኖሯል። እሱ በየዓመቱ ነጠብጣቡን ይዘጋል፣ ቢጫውን ይከፍታል፤ ዘንድሮም እንዲሁ አደረገ። ይህን ሁሉ ሳምንት ለድንች ክፍል እሳት ስናነድ፣ የእትዬን በገዛ እጃችን ዘግተን፣ ቀዝቃዛውን ብረት በጓሮ አውጥተን አጠብነው።

እየሮጥኩ ወረድኩ። የነገርኩት በአንድ ትንፋሽ ነው። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ሁለተኛ ነገርኩት። ከዚያ የደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"እኔ እኮ ጭንቅላቴ የተበላሸ መስሎኝ ነበር" አለ። "ለማንም አልነገርኩም እንጂ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር።"

"ጨርቁ ነው" አልኩት። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አንተ ምንም አልሆንክም።"

ሳቀ። ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ፣ አንቺ ሴትዮ በዚህ ዕድሜሽ ማሞቂያ ሪባን ታለብሻለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅብኝ። መፍቻዎቹን ከአልጋው ሥር አወጣቸው፣ ምንም እንኳ ለዚህ ሥራ ባያስፈልጉም። ያዙኝ ልቀቁኝ አለ።

እኔ ወደ እትዬ ክፍል ሄድኩ፣ መዳፌን ብረቱ ላይ አድርጌ ቆምኩ። እሱ ከታች መጨረሻውን መዝጊያ ከፈተ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ መጣ፣ እንደ ተራበ ሆድ፣ ከዚያ የብረቱ አናት ለብ አለ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ታች። ማንኪያዋን አንስቼ ሁለቴ መታሁ። ከታች ሁለቴ መለሰልኝ። እዚያው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ድሮ ቢሆን መዝጊያዎቹን ዓይኑን ጨፍኖ በዳሰሳ ያውቃቸው ነበር፤ ጨርቁን ያሰረው ለኔ ነው እንጂ ለራሱ አልነበረም። ይህን አሁን ነው ያሰብኩት። ጓዳዋ ግን ጨለማ ናት። ጨለማ ናት።

ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ። በሕይወቴ እንደዚህ ያመሰገንኩበት ጥፋት የለም።

ዓርብ

እትዬ መጣች። ልጇ መጀመሪያ ብቻዋን ገባች፤ ብረቱን ነካች፣ በሌላው እጇ ደገመች፣ ከዚያ ካፖርቷን አወለቀች። እናቷን እንደማትወስዳት ያን ጊዜ ገባኝ። ትኬቱን አንዱን መለሰች። ባለቤቴን፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችው። እሱ ለምን እንደሆነ አላወቀም መሰለኝ፣ አይዞሽ ልጄ አላት።

እትዬ ጫማዋን አጥልቃ፣ ይሄ ጫማ ጠቧል ወይስ እኔ ወፈርኩ አለች። ወፍረሽ ነው አልኳት።

እሑድ

መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ እየነካ አስጻፈኝ። እኔም ለሒሳብ በተሰመረው ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ ከበሩ በስተግራ አንደኛው ወጥ ቤት፣ ሁለተኛው ሳሎን፣ ሦስተኛው የኛ መኝታ፣ አራተኛው መታጠቢያ። አምስተኛው ላይ እጁን አድርጎ ቆመ። ቆየ። እኔም አልቸኮልኩም፣ እርሳሴን ስቀርጽ ቆየሁ። የልጅቷ አለ ኋላ። አዎ። ስድስተኛው የእትዬ። ውሃ ሲያንስ የትኛው እንደሚከፈት፣ የግፊቱ መርፌ የት ላይ መቆም እንዳለበት፣ አየር ከብረቱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አስጻፈኝ። ቁልፉን ሰጥቶኝ ራሴ አስተነፈስኩ። ውሃው ሸሚዜን አበሰበሰው። ጎበዝ አለኝ፤ ያስተማረኝ ሰው ሲያሞግሰኝ ስድስተኛ ክፍል ካለቀ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ግድግዳው ላይም በቀለም ቁጥር ጻፍኩ። ጨርቆቹን ግን አላነሳኋቸውም፣ በየቦታቸው መልሻቸዋለሁ። ከእንግዲህ አይታጠቡም።

የእትዬ ሐኪም የሌላ ሐኪም ስልክ ሰጥቶኛል። ባለቤቴን ግን የምንሄደው ለመነጽር ነው አልኩት። አብረን እንሄዳለን።

ረቡዕ

የቧንቧ ሠራተኛው በመንገዱ ጎራ አለ፣ ግድግዳው እንዴት ሆነ ብሎ። የጨርቁን ነገር ስነግረው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔም ማመን የነበረብኝ ቧንቧውን ነው እንጂ ጨርቁን አልነበረም፣ የጋሼን ሥራ ግን ለሰው እናገራለሁ አለ። ፖስተኛው መጣ፣ እትዬ ያወረሰችውን ብርድ ልብስ መልሳ እንደወሰደችበት ነገረኝ። ነጋዴውም መጣ፤ ስለ ድንቹ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ያማሁት አያውቅ ኖሮ ግራ ገባው።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ከጎኔ ሲነቃ ቧንቧው ሁለቴ ኳ ኳ አለ። ማነው? አለኝ። እትዬ ናት አልኩት። መቼ መጣች? አለ። ከመጣች አምስት ቀኗ ነው፣ አልነገርኩትም። "መጥታለች" አልኩት።

"ክፍሏ ሞቋል?"

"ሞቋል። አንተ ነህ ያሞቅክላት።"

ጎሽ አለና ማንኪያውን ጠየቀኝ። ሁለቴ መታ።